አንድ ታንኪ ቤንዚን የት ድረስ ያደርሳል

ባለቤቴን የጠረጠርኩት ከልብሱ የሴት ሽቶ ሸትቶኝ ወይም ስልኩን ሲደብቅ አይቼው አይደለም። ቤንዚኑ ቶሎ ቶሎ ስላለቀ ነው። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ይሳቅ። ሌላዋ ሴት የባሏን ኪስ ትፈትሻለች፣ እኔ የሞተሩን ታንኪ ፈተሽኩ።

ያኔ የምንኖረው ኤደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን በሚባለው ሰፈር፣ ሀሽሚ ውስጥ፣ ከአንድ የሞተር ጋራዥ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ነበር። እናቴም አብራን ትኖራለች። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ ድርዕ እሰፋለሁ፤ ድርዕ የኤደን ሴቶች ሙቀቱን የሚችሉበት ያ ስስና ሰፊ ቀሚስ ነው። እሱ በሞተር ሰው ያመላልሳል፣ ዕቃ ያደርሳል። በየሳምንቱ ደግሞ የሰፋሁትን በፌስታል ጠቅልሎ ብሬቃ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር ሱቅ ላላት አንዲት ሴት ይወስድልኛል። አባቴ የመናዊ፣ እናቴ የወሎ ሴት ስለሆኑ ሰዉ ሙወለድ ይለናል። ባለቤቴ ግን ሙወለድ አይደለም። ከወሎ ገጠር ተነስቶ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ሼክ ዑስማን በእግሩ የመጣ ነው። ሐሳቡ ወደ ሳዑዲ ማለፍ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

አባቴ፣ አላህ ይማረው፣ ሲድረኝ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላህ የሚከተል ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ማንም አለህ ወይ አለው። አንዱ ስደተኛ ገብቶ ሲደላደል ዘመዶቹ ተከታትለው ቤቱን የሞሉበት ጎረቤት ስለነበረን ፈርቶ ነው። ባለቤቴ ማንም የለኝም አለ። አባቴ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ አማት የሌለበትን ትዳር የሚጠላ ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው ቤንዚን በጠፋበት ወቅት ነው። ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ ወዲህ ቤንዚን የጠፋበት ወቅት ስለበዛ የትኛው እንደሆነ ብናገር ጥቅም የለውም። ማደያው ፊት መኪና ተሰልፎ ያድራል፣ ሾፌሮቹ መሪው ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። መንገድ ዳር በዳባ የሚሸጡ አሉ። ዳባ ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ነው፤ ውስጡ ግን ቤንዚን ይሁን ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ አላህ ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጠብታ በሚቆጥብበት በዚህ ጊዜ ነው የኛ ሞተር ጠጪ የሆነው። ድሮ አንዴ የሞላ ታንኪ ብሬቃ ደርሶ ተመልሶ፣ የከተማውን ሥራ ለቀናት ያሠራል። አሁን ከብሬቃ በተመለሰ በማግስቱ የሚሠራው ሪዘርቩን ከፍቶ፣ በመጨረሻዋ መጠባበቂያ ነው።

ምሳ ላይ አነሳሁበት። ነፋሱ ነው አለኝ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሞተሩን ፊት ለፊት እየገፋ ቤንዚን ያስጨርሳል አለ። እኔና እናቴ ተያየን። እሱ ሲወጣ እናቴ ሳህኑን እየሰበሰበች "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋትም። ከፊታችን ያለችው ጎረቤት ባሏ ብሬቃ ላይ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ልጅ እስኪወልድ ድረስ ዓሣ ሊገዛ የሚሄድ ይመስላት ነበር።

ባለሱቋን አይቻት አላውቅም። በስልክ ግን አውቃታለሁ፣ ሳቅ ታበዛለች። አንድ ጊዜ ለራሷ ድርዕ አሰፋች። ልኳን ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ ያውም በቃሉ። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን፣ አንድም ሳይስት ነገረኝ። የኔን የጫማ ቁጥር የማያውቅ ሰው! ያን ቀሚስ ስሰፋ መርፌው ሁለቴ ተሰበረብኝ።

ጩኸት መፍጠር አልፈለግኩም። ማስረጃ ፈለግኩ። ስለዚህ ታች ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ የኤደን ሰው ናቸው። በእንግሊዞች ጊዜ ልጅ ሆነው ወደብ ላይ ሠርተዋል፣ እስካሁን ቤንዚንን ፔትሮል ነው የሚሉት። ዓሚ፣ አጎቴ፣ እላቸዋለሁ። ነገሩን ያዝ ለቀቅ አድርጌ፣ ይሄ የኛ ሞተር በአንድ ሊትር ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል አልኳቸው። አርባ አሉኝ ሳያመነቱ። አርባ ካልሄደ ይሄን ጢም ላጪኝ አሉ።

ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፣ ሂሳብ ግን ከጨርቅ ጋር ስውል ስለኖርኩ አልፈራም። ታንኪው ዘጠኝ ሊትር ይይዛል። በአርባ ካባዛሁት ብሬቃ ሰባት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። እሱ በሁለት ጊዜ ነው የሚጨርሰው። ደረጃውን ስወጣ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። በልቤ ፈትቼው፣ ዕቃውን በር ላይ አውጥቼ፣ ለእናቴ ምን እንደምላት ሁሉ ጨርሼ ነበር። አርባ የሚለውን ስነግረው ግን ሳቀ።

"አርባ የሚሄደው ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ ቆሞ እያለ ነው" አለኝ።

ያበሳጨኝ መሳቁ አይደለም። እውነት ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ውስጤ ስለገባ ነው።

ከዚያ ወዲህ በራሴ መለካት ጀመርኩ። በኤደን ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ይተኛል፤ እሱም ምሳ በልቶ ሲተኛ ቀጭን ሸምበቆ ይዤ እወርድና የታንኪውን ክዳን ከፍቼ እነክራለሁ። የረጠበውን በጣት እለካለሁ። አንድ ቀን አራት ጣት አገኘሁ። በማግስቱ፣ ሞተሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ሁለት ጣት ተኩል። ባለቤቴ አልነዳውም፤ አሞት ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተኝቶ ውሏል። እንግዲያው ቀድተውት ነው አልኩ። ጋራዡ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ላስቲክ ሞልቷቸዋል፣ ቤንዚን የወርቅ ያህል ነው። ወጥቼ ሰው እየሰማኝ ተናገርኩ።

ዓሚ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና ሸምበቆውን ከእጄ ወሰዱ። ሞተሩ በመሐል መቆሚያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነከሩት፣ ሁለት ጣት ተኩል። ከዚያ ሞተሩን አውርደው በጎን መደገፊያው ወደ ግራ አዘነበሉት። እንደገና ነከሩት፣ አራት ጣት። ታንኪ ባልዲ አይደለም አሉኝ። ከታች ሲያዩት እንደ ኮርቻ ነው፣ መሐሉ ክፍት፣ በግራና በቀኝ የተንጠለጠለ። ስታዘነብይው ቤንዚኑ ወደ ግራው ይፈሳል፣ ስታቀኚው ይካፈላል። ትናንት ባለቤቴ ያቆመው በጎኑ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ መንገዱን የሚጠርገው ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ቀጥ አድርጎት ሄዷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ጨርቅ አጣሞ የለካ ልብስ እንደሚያበላሽ ለሰው ሁሉ ስነግር የኖርኩ ሴት፣ ይሄን አላሰብኩትም።

አፈርኩ። ግን ቀኑን ብቻ ነው ያፈርኩት።

ዓሚ ከነድፍረቴ ታገሱኝና ትክክለኛውን አሠራር አሳዩኝ። ታንኪውን እስከ አፉ ትሞያለሽ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ። ፀሐይ ሳትበረታ፤ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ በክዳኑም ያለቅሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንደገና እስከ አፉ ስትሞይ የገባው ሊትር የጠጣው ነው፤ ግምት የለበትም። እኔም የወጥ ቤቱን የሊትር መለኪያ ለዚህ ሥራ አዋልኩት። እናቴ ሾርባው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ለባለቤቴ ያልኩት ቤንዚን እንዳይባክን ነው። አልተቃወመም። የማይቃወም ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። የጠጣውን አውቃለሁ፣ የሄደውን ግን አላውቅም፤ የሞተሩ ኪሎሜትር ቆጣሪ ከቆመ ቆይቷል። ገመዱ ተበጥሷል ብሎኝ ነበር። መለዋወጫ ውድ አይደለም፣ ላስጠግንለት አልኩና ዓሚን ጠራኋቸው። ከፊት ጎማው ሥር ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

"አልተበጠሰም" አሉኝ ቀና ሲሉ። "ተፈትቷል። በእጅ ነው የተፈታው።"

ማን ፈታው አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅኩ። ዓሚ ገመዱን መልሰው አጠበቁልኝና "ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ይሄ የሞተር ጥያቄ አይደለም" አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መጠርጠር ውስጥ ጨዋታም ነበረበት፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ደስታ የለበትም። እቤቴ የሚያድረው ሰው የኔ ነው ወይስ ተከራይ ብቻ ነው የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ።

የቆጣሪው መስታወት በአቧራ ስለደነዘዘና ባለቤቴም የሞተ ስለሚመስለው አያየውም። እኔ በቀሚሴ ጫፍ ጥጉን ጠርጌ አነባለሁ። መጀመሪያ የከተማውን ሥራ ለካሁ። ባለቤቴ አልዋሸም፤ አርባ የሚባል ነገር የለም። በሀሽሚ ግርግር፣ ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ፣ እየቆመ እየተነሳ፣ በሊትር ሃያ አምስት እንኳ አይሞላም። ጎማው ሲላላ ይጠጣል። ጠዋት ለማስነሳት የሚስበውን ማነቂያ መመለስ ከረሳ ይጠጣል። ከሰዓት በኋላ በነፋሱ ላይ ከነዳ፣ እውነትም ይጠጣል። አንዱን ባወቅኩ ቁጥር አንድ ክስ ከላዩ ላይ ይነሳለታል። በሳምንት ውስጥ ባለቤቴን ግማሽ ያህል ነጻ አወጣሁት፣ ቀለል አለኝ፣ ለምሳ የሚወደውን ዓሣ ሠራሁለት።

ከዚያ የብሬቃ ቀን መጣ። ሲወጣ ቆጣሪውን አነበብኩ። ሲመለስ አነበብኩ። ብሬቃ ደርሶ መልስ ከሚያክለው ከእጥፍ በላይ ሄዷል። የሄደውን በጠጣው ሳካፍለው ልክ እንደ ሌላው ቀን ነው። ሞተሩ ንጹሕ ነው። ጠጪ ያልኩት በከንቱ ነው። ባለቤቴ ነው የማይታወቅ ቦታ የደረሰው።

ያስፈራኝ ደግሞ ርቀቱ ነው። ሁለተኛ ሚስት ብሬቃ ላይ ቢያስቀምጥ ቆጣሪው ላይ ምንም አትጨምርም። ይሄ ከብሬቃ ወዲያ ነው። ከብሬቃ ወዲያ ምን አለ? አሸዋና ዓሣ አጥማጅ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ያ ዳርቻ ጀልባ የሚያርፍበት ነው፤ ሰው የሚያሻግሩ፣ ሰው ይዘው ገንዘብ የሚያስልኩ አሉ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እናቴ "ሴት በሆነ" አለች ቀስ ብላ። ባሌ ላይ ሴት ተመኘችልኝ፣ እኔም አብሬያት ተመኘሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔም ብሬቃ እሄዳለሁ፣ ባለሱቋን ላያት ነው አልኩት። ጠዋት ጫማውን እያሰረ ነበር። ለሁለት ቤንዚኑ አይበቃም አለኝ። ይሄን ለማን ነው የሚናገረው! ሁለት ሰው ሲሆን በሊትር ስንት እንደሚቀንስ፣ ታንኪው ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ብሬቃ ደርሰን ስንመለስ ስንት እንደሚተርፍ አንድ በአንድ ነገርኩት። እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ። ምን ያህል እንደማውቅ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሞተሩን አወጣ፤ አባያዬን ሰብስቤ ከኋላው ተቀመጥኩ።

ከከተማው መውጫ ላይ ያለችውን ሒስዋን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ መጣ። አሸዋው አስፋልቱን እየላሰ ይሻገራል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ባለቤቴ አንገቱን ቀብሮ ይነዳል፣ እኔ ከጀርባው ተለጥፌ እያንዳንዱን የሞተር ድምፅ በሊትር እተረጉማለሁ። የማጣሪያው ጭስ ማውጫ ታየ። ባለሱቋ ጉልበቷን የሚያማት፣ የልጅ ልጆች ያሏት፣ ደረቷ ሰፊ አሮጊት ናት። አቅፋ ሳመችኝ። ልኳን ለባለቤቴ ደጋግማ እንዳስጠናችው፣ እሱም ልጅ ዘፈን እንደሚይዝ አድርጎ እንደያዘው ነግራኝ ሳቀች። ሳቅኩላት። ግን ልቤ ውጭ ነበር፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ ወደ ምዕራብ ከሚያየው ሰው ጋር።

ስወጣ ከኋላው ተቀመጥኩና "አሁን የምትሄድበት ውሰደኝ" አልኩት።

ቆጣሪው ይሠራል እንዴ ብሎ አልጠየቀም፣ ማን ነገረሽም አላለም። ሞተሩን አስነሳ። ወደ ሼክ ዑስማን አላዞረም።

ራስ ኢምራን ባሕሩ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ወጥተዋል፣ ሰዎቹ ጥላ ሥር መረብ ይጠግናሉ። ሩቅ ሳለን አንድ ሽማግሌ ሞተሩን አውቆት እጁን አነሳ። ለሰላምታ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን መዳፉን ወዲህ ወዲያ አወዛወዘ። ገና ምንም ሳይጠየቅ የለም እያለ ነው።

ባለቤቴ ግን ወረደ፣ ሰላም አለ፣ እንደ አዲስ ጠየቀ። ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ በኩል የመጣ ጀልባ፣ ቀጭን ወጣት፣ ግንባሩ ላይ የቃጠሎ ምልክት ያለው። ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል፤ ቃላቱን ለምዷቸዋል። ሽማግሌው "ወላሂ ማፊ፣ ያ ወለዲ" አለው። ምንም የለም ልጄ። ጀልባዎቹ አሁን የሚያርፉት ምዕራብ ርቀው ነው፣ ራስ አል-ዓራ ሄደህ ጠይቅ አለው። ባለቤቴ እዚያ ከሄድኩ ቤንዚኑ አይመልሰኝም አለ፤ በየሳምንቱ የሚመልሰው መልስ መሆን አለበት፣ ሽማግሌው አንገቱን ነቅንቆ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ወደ ሞተሩ ሲመጣ ጠበቅኩት።

"ማንን ነው?" አልኩት።

"ወንድሜን።"

"ወንድም የለህም።"

"ለአባትሽ ነው የለኝም ያልኩት።"

ባሕሩን እያየ ነገረኝ። ታናሹ ነው። ባለቤቴ ተደላድሏል፣ ሞተር ገዝቷል፣ አግብቷል የሚለውን ወሬ አገር ቤት ሰምቶ የሱን መንገድ ተከትሎ ወጣ። ኦቦክ ደርሶ ደወለ፣ ነገ እንሳፈራለን አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ያ ከሆነ ወራት አልፈዋል። እኔ ጎን ተኝቶ፣ እኔ የሠራሁትን በልቶ፣ ያን ሁሉ ወራት ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። ቆጣሪውን ለምን ፈታኸው አልኩት። እንዳትጠይቂኝ አለኝ። ከጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ፣ ከነገርኩሽ ደግሞ እናትሽ ከመጀመሪያው ዋሽቶ ነው የገባው ትላለች።

አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ምንም አላዘጋጀሁም። ሐዘኑ የመጣው ቆይቶ፣ መንገድ ላይ፣ ሽማግሌው ከሩቅ ያወዛወዘው መዳፍ ትዝ ሲለኝ ነው። በየሳምንቱ ያን መዳፍ ለማየት ነበር የሚሄደው።

ቤንዚኑ የተሰላው ለብሬቃ ነበር። ሒስዋ ሳንደርስ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ሪዘርቩ ተከፈተ፣ ቆየት ብሎ ሪዘርቩም አለቀ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። ሁለታችንም የምናደርገውን ስለምናውቅ አልተነጋገርንም። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ሞተሩን ወደ ግራ እስኪተኛ ድረስ አዘነበልነው፤ በታንኪው ቀኝ በኩል ተደብቃ የቀረችው ወደ ግራ፣ ወደ መውጫው ፈሰሰች። ቀና አድርገን አስነሳነው። በዚያች ነው ሼክ ዑስማን የገባነው።

ከዚያ በኋላ የተጠቀምኩበት ሂሳብ ያው ነው፣ የሚፈለገው ሰው ነው የተለወጠው። ራስ አል-ዓራ ሩቅ ነው። በዳርቻው ቤንዚን የሚባል አይገኝም። ነፋሱ ሳይነሳ ቢወጣ፣ ጎማው ጠንክሮ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ሳይቸኩል ቢነዳ፣ አንድ ታንኪ ያደርሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይመልሰውም። አንድ ትንሽ ጀሪካን ከኋላ ቢይዝ ይመልሰዋል። ዓሚን ለምን እንደፈለግኩ ነግሬ ለመንኳቸው። ከራሳቸው ዳባ ንጹሑን በጨርቅ አጥልለው ቀዱልኝ፣ ሞተሩንም እንደ ሙሽራ አሰናዱት። ለእናቴም ነገርኳት። ልጁ ከመጣ የት ሊተኛ ነው አለችኝ። ከዚያ ተነስታ የራሷን ፍራሽ ግድግዳውን አስጠግታ ቦታ ለቀቀች።

ጎህ ሲቀድ አባያዬን ለብሼ ወረድኩና ከኋላው ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ብቻውን አይሄድም ብዬ ነበር። ጀሪካኑ መሬት ላይ ነው። ጭኔ ላይ ልይዘው ሞከርኩ። ባለቤቴ ውረጂ አላለኝም፤ ሞተሩን ግን አላስነሳውም። የሁለት ሰውን ክብደት እንደገና አሰላሁ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ባገኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰላሁ። አልተሳሳትኩም። እኔ ከተቀመጥኩ እንደርሳለን፣ አንመለስም።

ወረድኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጬ ከወፍራም ጨርቅ በሰፋሁት ማሰሪያ ጠፍሬ አሰርኩት። ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። ጀሪካኑን ከገለበጥክ በኋላ ቆጣሪው ይሄን ቁጥር ሲያሳይ፣ ብታገኘውም ባታገኘውም ትመለሳለህ አልኩት። እሺ አለ። ወላሂ በል አልኩት። ወላሂ አለ። አላመንኩትም። ከተፈቀደለት ቦታ አልፎ እንደሚሄድ ጠርጥሬ የነገርኩት ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ነበር፣ ጀሪካኑም ካልኩት በላይ ይዟል።

ቀኑን ሙሉ አንድ ቀሚስ ሰፍቼ አልጨረስኩም። ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስኮቱ ሳይ በመንገዱ ጫፍ ሞተሩን በእጁ እየገፋ ይመጣል። ቤንዚኑ ያለቀበት የሰፈሩ መግቢያ ላይ ነው። ከነገርኩት ቁጥር አልፎ፣ የደበቅኩትንም ጨምሮ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሄዷል ማለት ነው። ከኋላው ጀሪካኑ ብቻ ነበር።

ወርጄ በሌላው በኩል ያዝኩለት። የት ድረስ እንደሄደ አልጠየቅኩትም። እስከ በሩ ድረስ አብረን ገፋነው።